«አልቋል» ላልከኝ፣ መልሴ አላለቀም

«የለም!» አልከኝ፤ ማዘዣውን ከእጄ ሳትቀበል። ወንድሜ ፋርማሲስት፣ ዓይንህ ሳያነብ አፍህ ከየት አወቀው?

ተቀበለኝና አንብበው። የሰው ስም አለበት፣ ዕድሜ አለበት፣ የመድኃኒት ስምና መጠን አለበት። ይህን ሁሉ አይተህ «የለም» ብትለኝ ቅር አይለኝም። ባዶውን መደርደሪያ አንተ አልፈጠርከውም። ዶላር አታትምም፣ ኤልሲ አትከፍትም፣ ጅቡቲ ወደብ ወርደህ ኮንቴይነር አታራግፍም። አገራችን ከምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ምንዛሪ ሲጠፋ ያንተ መደርደሪያ እንደሚደርቅ አውቃለሁ። አዲግራት ያለው የአዲስ መድኃኒት ፋብሪካ በትግራይ ጦርነት ተጎድቶ ሥራ ሲያቆም ያመርተው የነበረው ሁሉ ከገበያ ጎደለ፤ ሰው ግን የጮኸው ፋብሪካው በር ላይ አይደለም፣ ያንተ ባንኮኒ ላይ ነው። ስለዚህ ለእጥረቱ አልከስህም። የምከስህም የማመሰግንህም እጥረቱ ከመጣ በኋላ በምታደርገው ነው።

«የለም» ካልክ በኋላ ሥራህ ይጀምራል እንጂ አያበቃም። የት ይገኛል? በምን ይተካል? ሕመምተኛው ያለ መድኃኒት ስንት ቀን መቆየት ይችላል? አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥከው ለእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ዕቃ አውርዶ ለማቀበልማ አምስት ቀን ይበቃ ነበር።

«ሁሉም ጋ የለም፤ አትድከም።»

ሁሉም ጋ ደወልክ? አልደወልክም። ሕመምተኛው ያለው ጫማ ነው፤ አንተ ያለህ ስልክ ነው። ያንተ አንድ ደቂቃ ለእሱ ግማሽ ቀን ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጻፈለትን ወረቀት ይዞ ፒያሳ ይወጣል፣ ከፒያሳ ተክለ ሃይማኖት ይወርዳል፣ ከዚያ መርካቶ፣ ከዚያ የከነማ መድኃኒት ቤት ሰልፍ፣ ከዚያ ደግሞ «ቀይ መስቀል ሞክር» ይባላል። ማታ ባዶ እጁን ሲገባ ቤተሰቡ አንድ ቃል አይጠይቀውም፤ ፊቱ ነግሯቸዋል።

አንድ ጉዳይ ላንሳልህ። የእናትየው ደም ኔጌቲቭ፣ የሕፃኑ ፖዘቲቭ ሲሆን አንቲ-ዲ የሚባለው መርፌ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ካልተሰጠ አደጋው የሚደርሰው ዛሬ በተወለደው ላይ ሳይሆን ወደፊት በሚፀነሰው ላይ ነው። አባትየው ማዘዣውን ይዞ ከሆስፒታሉ ሲወጣ ሰዓቱ እየሄደበት ነው። «አትድከም» ስትለው ምን እንዳልከው ገባህ? የሚቀጥለውን ልጅህን ተወው አልከው። አንድ ስልክ፣ ሁለት ስልክ፣ ባልደረቦችህ ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ላይ አንድ መስመር፤ የሚፈለግብህ ይህ ነው። ይህን የሚያደርጉ ፋርማሲስቶች አሉ፤ በዚህ ከተማም በየክልሉም አሉ። እጃቸው ይባረክ።

«ይቺ እንኳ ለደንበኛዬ ያስቀመጥኳት ናት።»

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ የዛሬው ጉዳዬ ዋናው እዚህ ነው።

ማቀዝቀዣህ ውስጥ አንዲት የኢንሱሊን ብልቃጥ ቀርታለች እንበል። ጠዋት አንድ ሰው ደውሎ «አስቀምጥልኝ» ብሎሃል። ጥሩ ሰው ነው፤ ለዓመታት ካንተ ገዝቷል፣ በዓል ሲመጣ ይጠይቅሃል። ቤቱ ሁለት ብልቃጥ እንዳለው ታውቃለህ፤ ባለፈው ሳምንት የሸጥክለት አንተ ነህ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ ከፍቼ መጣች። ልጅቷ ዓይነት አንድ ስኳር አለባት፤ ሰውነቷ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል። ቤት ያለው ብልቃጥ ትናንት ማታ ተሟጧል።

ለማን ትሰጣለህ?

«ቃል ገብቻለሁ» ትለኛለህ። ቃልህን አከብራለሁ። ግን ከዚያ ስልክ በፊት የገባኸው ሌላ ቃል አለ፤ ስትመረቅ እጅህን አንስተህ የማልከው። ያኛው ይቀድማል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንዱ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት፣ ድምሩ 1000 ዩኒት። በቀን 30 ዩኒት የሚወጋን ሰው 33 ቀን ያስኬደዋል። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። እንግዲህ ቤቱ ሁለት ብልቃጥ ያለው ሰው የሁለት ወር ዋስትና በእጁ አለ። ልጅቷ ያላት ቀናት ናቸው፤ ያውም ጥቂት። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲቋረጥበት ደሙ አሲድ ይበዛበታል፤ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ራሱን ይስታል፣ ካልደረሱለት ይሞታል። ሰውየው ሦስተኛዋን ብልቃጥ ቢያጣ የሚያገኘው ስጋት ነው። ልጅቷ የመጀመሪያዋን ብታጣ የሚያገኛት ሞት ነው። ስጋትና ሞት ተወዳዳሪ ሆነው አንድ ሰልፍ ላይ አይቆሙም።

ለሰውየው ደውልለት። «ጋሼ፣ ብልቃጧን ለአንዲት ሕፃን ሰጥቻታለሁ፤ እርስዎ ቤት ሁለት አለዎት፣ ከማለቁ በፊት እፈልግልዎታለሁ» በለው። ይቆጣል ብለህ ፈራህ? ይቆጣ። ቢቆጣም በሕይወት ነው የሚቆጣው። ደግሞም ብዙ ሰው ምክንያቱ ሲነገረው አይቆጣም፤ የሚያስቆጣው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ደንበኝነት ዋጋ የለውም አላልኩም። በየወሩ ካንተ የሚወስድ ሰው ሕክምናው እንዳይቋረጥ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ፋርማሲስት የሚታወቀው በዚህ ነው። ያስቀመጥከው ስሙ፣ ቀኑና መጠኑ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለዚያ ወር የሚበቃውን ያህል ከሆነ እጅህን እጨብጣለሁ። መሳቢያ ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ማን እንደሚወስደው አንተና እሱ ብቻ የምታውቁት ከሆነ ግን ደበቅክ እንጂ አላስቀመጥክም። ሰልፉ ፊት ጮክ ብለህ ልታስረዳው የማትችለውን ውሳኔ አትወስን። ባንኮኒህ ላይ ሌላ ዳኛ ስለሌለ ይህንን ዳኛ አድርገው።

ስለ ኢንሱሊን ካነሳን አይቀር፣ መድኃኒቱን ያገኙት የቶሮንቶ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲያቸው ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነው። ቢፈልጉ ኖሮ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያኖር ሀብት ይሰበስቡበት ነበር። ያገኙት ሰዎች ለራሳቸው ያልቋጠሩትን አንተ ለወዳጅ ልትቋጥረው?

«እንግዲያው ቀድሞ የመጣ ይውሰድ፤ ከዚህ በላይ ፍትሕ የለም።»

ማን ነው ቀድሞ የሚመጣው? ቤቱ ጎንህ የሆነ። መኪና ያለው። ዕቃ መግባቱን በስልክ የነገርከው። ከፍቼ በሌሊት ተነስታ አውቶቡስ የተሳፈረችው እናት መቼም ቢሆን አትቀድምም። ሰልፍ እኩል ለቸገራቸው ይሠራል፤ ችግራቸው ለሚበላለጥ ሰዎች ግን የዳኝነት ሥራህን ለእግር መስጠት ነው።

ኪኒን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ የኢንሱሊን ብልቃጥ ለሁለት ሰው አይከፈልም፣ የግፊት ኪኒን ግን በስትሪፕ ይሰጣል። ለአንዱ የሦስት ወር ከመስጠት ለሦስቱ የወር የወር ስጥ። እሱም ካልበቃ የሁለት ሳምንት የሁለት ሳምንት ስጥና መቼ እንደሚመለሱ ንገራቸው። ስትቆርጠው የመድኃኒቱን ስም፣ የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፍ፤ ሰው የማያውቀውን ፍሬ በባዶ ላስቲክ ይዞ አይሂድ።

«ይህም ያው ነው፤ ውሰዱ።»

ያው ነው? አምሎዲፒን በሌላ ፋብሪካ ስም ቢመጣም አምሎዲፒን ነው፤ የሕንዱ አልቆ የአገር ውስጡ ካለ ተካው። ያን ጊዜም ቢሆን አስረዳ፤ የኪኒኑ ቀለም ስለተለወጠ ብቻ ሳይውጡት የሚያስቀምጡ እናቶች አሉ። «እማማ፣ የተለወጠው ሳጥኑ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም» በላቸው፤ ሁለት ጊዜ በላቸው።

ዋርፋሪን ሲሆን ግን? ትንሽ ሲበዛ ያደማል፣ ትንሽ ሲያንስ ደም ይረጋል። ፌኒቶይን ሲሆን? መጠኑ ጥቂት ሲጎድል የሚጥለው በሽታ ይመለሳል፣ ጥቂት ሲያልፍ ይመርዛል። ካርባማዜፒንና የእንቅርት ሆርሞኑም ቢሆኑ እንዲሁ በዘፈቀደ የሚለዋወጡ አይደሉም። በእነዚህ ላይ «ያው ነው» የምትለዋ ቃል ከአፍህ አትውጣ። ስልኩን አንሳና ሐኪሙን ጠይቅ።

«የሐኪሙ ስልክ ማዘዣው ላይ የለም።»

እውነትህን ነው፤ እዚህ ላይ መልሱ ያንተ አይደለም። ዶክተር፣ ስማኝ፤ ፊርማህ የማይነበብ፣ ስልክህ የማይታወቅ ከሆነ ያዘዝከው መድኃኒት ሲጠፋ ማን ይወስን? ከፊርማህ ሥር አሥር አኃዝ ጨምር።

ሐኪምና ፋርማሲስት ከመፈላለግም በላይ የሆነ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 እንግሊዝ ውስጥ ስትሬፕ ኤ የሚባለው ኢንፌክሽን ሕፃናትን ሲገድልና ፔኒሲሊን ከየፋርማሲው ሲጠፋ፣ መንግሥት ለፋርማሲዎች የጽሑፍ ፈቃድ አወጣ። የታዘዘው ከሌለ በምን እንደሚተካ ወረቀቱ ይናገራል፤ ፋርማሲስቱ ወላጅን ወደ ሐኪም ሳይመልስ ይሰጣል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሕጋቸው ውስጥ ነበር፤ ችግሩ ሲመጣ አወጡት። በዚያው ዓመት አሜሪካም የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ አጥሯት ነበር። እጥረት የድሃ አገር ብቻ አይደለም። ፋርማሲስቱን ብቻውን ባንኮኒ ላይ መተው ግን ምርጫ ነው።

«ያለ ማዘዣ አልሰጥም፤ ሕግ ነው።»

በል! ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ለሚጠይቅህ ሁሉ ይህንኑ በል፤ በእጥረት ጊዜ ደግሞ ጠንከር አድርገህ በል። ለማያስፈልገው የሰጠኸው አሞክሳሲሊን የሳንባ ምች ከያዘው ሕፃን አፍ የተነጠቀ ነው።

ይሁን እንጂ ዓርብ ማታ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት ነው፤ መዝገብህ ላይ ስሙ ለዓመታት ሰፍሯል፣ መድኃኒቱ ዛሬ አልቋል፣ የሚከታተልበት ክሊኒክ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። የሚወስደው ፊኖባርቢታል በልዩ ማዘዣ የሚሰጥ ነው። ብትሰጠው ፈቃድህ ያስፈራሃል፤ ብትከለክለው መድኃኒቱ በድንገት ስለተቋረጠ የማያባራ መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል። በዚህ ሰዓት ፋርማሲስት ላይ ጣት የሚቀስር ሰው ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ አያውቅም።

የእንግሊዝ ሕግ ለዚህ ሰው አንዲት ጠባብ በር ትቶለታል። ፋርማሲስቱ ሕመምተኛውን አነጋግሮ፣ ቀድሞ ታዝዞለት እንደነበር አረጋግጦ፣ ለሚጥል በሽታ እስከ 5 ቀን የሚሆን ፊኖባርቢታል በድንገተኛ ሊሰጠው ይችላል፤ ይመዘገባል። ከአምስት ቀን አይበልጥም። የእኛም መመሪያ ጻፊዎች ዓርብ ማታን አስበው ይጻፉ፤ በማያሻማ ቃል ይጻፉ። እስከዚያው አንተ «ሕግ ነው» ብለህ ፊትህን አታዙር። ሌሊቱን የሚሠራ ድንገተኛ ክፍል አለ፤ የመዝገብህን ገጽ ገልብጠህ፣ ምን እንደሚወስድና ስንት እንደሚወስድ ጽፈህ፣ ማኅተምህን አድርገህ ላከው። ያቺ ወረቀት ተረኛውን ሐኪም ከብዙ ጥያቄ ታድነዋለች።

«ምን ላድርግ፣ ገበያው ነው።»

ገበያው ማን ነው? እኔ ከፊቴ የማየው አንተን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። አዲስ የገባ መድኃኒት ቢወደድ አይገርመኝም። ያለውን በአሮጌ ዋጋ ሸጦ የጨረሰ መድኃኒት ቤት በዚያ ብር መልሶ መግዛት እንደሚያቅተውም ይገባኛል፤ የተዘጋ መድኃኒት ቤት ለማንም አይጠቅምም። ደረሰኙን አሳየኝ፣ ጭማሪውን ልየው፣ አቅሜ ከቻለ እከፍላለሁ። ጠዋት በአንድ ዋጋ የሸጥከውን ያንኑ ሳጥን እናትየው ስታለቅስ አይተህ ከሰዓት በኋላ እጥፍ ካደረግከው ግን በዶላር አታሳብብ፤ የተመንከው በእንባዋ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ በተባለ ሰሞን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውና አልኮሉ በአንድ ጀምበር ምን ያህል እንደተሰቀለ ሁላችንም አይተናል። በቀድሞው ዋጋ የሸጡትንም አይተናል፤ ሰፈራቸው አይረሳቸውም።

«ከቪታሚን ጋር ከወሰድክ አለ።»

አለ ማለት ነዋ! ታዲያ «የለም» ያልከኝ ማን ነበር?

«ይሄ ከውጭ በሻንጣ የገባ ነው፤ ኦሪጅናል!»

ዋሽንግተን ያለች ልጅ ለእናቷ፣ ዱባይ ያለ ወንድም ለእህቱ የላከው መድኃኒት ሌላ ነው፤ ያ የቤተሰብ ጭንቀት ነው፣ የላኩትን እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንተ ግን መድኃኒት ቤት ነህ። አገር ውስጥ የሚሸጥ መድኃኒት መመዝገብ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይደነግጋል፤ ድንጋጌው ለወረቀት ሲባል የተጻፈ አይደለም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በረዶ የሆነ፣ ወይም ሐሩር ላይ የዋለ ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል። ይህ ሻንጣ ስንት ሰዓት የት እንደዋለ ታውቃለህ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚዘዋወሩ 10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ሐሰተኛው ገበያ የሚያገኘው እውነተኛው ሲጠፋ ነው። ደላላ ጥቁር ላስቲክ ይዞ በጓሮ በር ሲገባ «እግዜር ነው የላከህ» አትበለው፤ ከየት እንደመጣ፣ ደረሰኙ የታለ በለው።

«እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ባለቤቱን አናግሩ።»

እህቴ፣ ችግርሽ ይገባኛል። ደሞዝሽ ትንሽ ነው፣ ባለቤቱ «ደብቂው» ሲልሽ እምቢ ብትዪ ነገ ሌላ ሰው ይቀጠራል። ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የማን ፎቶ አለበት? ደሞዝሽን ባለቤቱ ይከፍልሻል፤ ፈቃድሽን ግን እሱ አልሰጠሽም፣ እሱም አይነጥቅሽም። ኢንሱሊኑ ለማን ይሰጥ የሚለው የንግድ ጥያቄ አይደለም፤ የሙያሽ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ያንቺ ነው። ለባለቤቱ ይህንን ቀድመሽ ንገሪው፤ ዕቃው በሞላበት ቀን ንገሪው። «እጥረት ሲመጣ እንዲህ አድርጌ አካፍላለሁ» ብለሽ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው። የተለጠፈ ደንብ ተቀጣሪን ከባለቤቱም ከዘመዱም ያስጥላል፤ «እኔ አይደለሁም፣ ደንቡ ነው» ማለት ትችያለሽ።

ፈቃዱን ግድግዳ ላይ አሰቅሎ በየወሩ ኪራይ የሚቀበል፣ እሱ ሌላ ቦታ የሚውል ፋርማሲስት ደግሞ ከዚህ ወግ ውጣ። አንተ በሌለህበት ማንም ያልተማረ እጅ የሚያድለው መድኃኒት በስምህ ነው የሚያድለው። ተመለስ፣ ወይም ፈቃድህን አውርድ።

አሁን ፊቴን ወደ እኛ ላዙር፤ ከባንኮኒው ወዲህ ወዳለነው።

«ዶክተር፣ አምስት እሽግ አድርግልኝ፤ ነገ ይጠፋል።»

የሚጠፋውማ አንተ አምስት ስለወሰድክ ነው! እ.ኤ.አ. በማርች 2020 አሜሪካ ውስጥ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮሮናን ይፈውሳል የሚል ወሬ ሲነፍስ፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው እየጻፉ መደርደሪያውን አራገፉት። ለዓመታት በዚያ መድኃኒት ቆመው የሚሄዱ የሉፐስ ሕመምተኞች ባዶ እጃቸውን ከፋርማሲ ተመለሱ። አንዳንድ የግዛት ፋርማሲ ቦርዶች ማዘዣው ላይ የበሽታው ስም እንዲጻፍና መጠኑ እንዲገደብ ያዘዙት ያን ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ለኮሮና እንደማይሠራ ጥናቶቹ አሳዩ፤ ያከማቸው ሰው ያከማቸው የሰው ሕክምና ነበር።

«ዘመድህ እኮ ነኝ!»

ከኋላህ የቆመውም የሰው ዘመድ ነው።

«አንተ ምን አገባህ፣ በገንዘቤ ነው!»

ገንዘብህ ኪኒኑን ይገዛል፤ የሌላውን ሰው ተራ አይገዛም። ደግሞ ፋርማሲስቱን መሳደብ ይቅርብህ። «የወር ብቻ ነው የምሰጥዎት» ሲልህ እየከለከለህ አይደለም፤ በሚቀጥለው ወር አንተም ዘግይተህ ስትመጣ እንድታገኝ እያደረገ ነው። ቀኑን ሙሉ «የለም» ሲል የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚገባ አስበው። የልጅቷን ፊት ይዞ ይገባል፤ «ሌላ ቦታ ብደውል ኖሮ» እያለ ያድራል። እኛ ያን ሰው ልንይዘው እንጂ ልንገፋው አይገባም።

የቀረኝ መልስ ለመንግሥት ቢሮው ነው።

«በሂደት ላይ ነው።»

የማን ሂደት? ኢንሱሊን ያለቀባት ልጅ ጊዜዋ በቀናት የሚቆጠር ነው። የጨረታው፣ የባንኩ፣ የጉምሩኩ ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው። እነዚህ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች እስካልተገናኙ ድረስ ፋርማሲስቱ መሃል ላይ ቆሞ ሰው ይሸኛል። የጤና መድህን መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን የያዘ ገበሬ «ከውጭ ግዛ» ሲባል መዋጮው ምን እንደገዛለት ይጠይቃል፤ መልስ ይገባዋል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የትኛው መድኃኒት እንዳለ፣ የትኛው እንዳለቀ፣ የሚመጣውም መቼ እንደሚመጣ በየሳምንቱ በይፋ ይንገረን፤ ፋርማሲስቱ በግምት ሳይሆን በቀን ያካፍል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የትኛው መድኃኒት በየትኛው ሊተካ እንደሚችል፣ በእጥረት ጊዜ ለአንድ ሰው እስከ ስንት እንደሚሰጥ፣ በድንገተኛ ምን ማድረግ እንደሚፈቀድ አንድ ገጽ ጽፎ ለየመድኃኒት ቤቱ ያድርስ። ብር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ዶላር አያስፈልገውም፣ ኤልሲ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የሚፈርም እጅ ነው።

አንተ ግን ያ ገጽ እስኪመጣ አትጠብቅ። ዛሬ ከመዝጋትህ በፊት ከባልደረባህ ጋር ተቀመጥና የራስህን ጻፍ፤ ያለ መድኃኒቱ ማን ቀድሞ ይሞታል የሚለውን ከላይ አድርገህ። መዝገብ ክፈት፣ የአሥር መድኃኒት ቤት ስልክ ግድግዳው ላይ ለጥፍ።

አንተም አንባቢዬ ዛሬ ማታ ቤትህ ያለውን መድኃኒት አውጥተህ ቁጠረው። ከሁለት ወር በላይ የሚበቃህ ካለ በዚህ ወር አትግዛ።